ያልተከፈተው ጠርሙስ

ጠርሙሱ በመስኮቱ ቀዳዳ ሲገባ ፋርማሲስቱ መለያው ላይ ያለውን ጽሑፍ አወቀው። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው። ባለፈው ሳምንት እሱው አዘጋጅቶ የሰጠው የሞርፊን ሽሮፕ ነበር። ከመስኮቱ ማዶ የቆመችው፣ ጠርሙሱን ያመጣችው ሴት ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ባለቤቴ አልደረሰበትም» አለች። «እኛ ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል? ለሌላ ሰው ይድረስ ብዬ ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አላት። ለሌላ ሰው እንደማይደርስ ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው። በሐዘኗ ላይ ሐዘን ቢጨምርባት ምን ይረባል? የመቀበያውን ወረቀት ፈርሞ ሰጣት፤ አመስግናው ሄደች።

ጠርሙሱን አገላብጦ አየው። የክዳኑ ቀለበት አልተበጠሰም። የሚያበቃበት ቀንም ገና ሩቅ ነው። ምናለ ዛሬን ባልመጣ ኖሮ! ከትናንት ጀምሮ በሆስፒታሉ አንድ ጠብታ ሞርፊን የለም። ባለ ሁለት ቁልፉ የብረት ሣጥን ባዶውን ተቆልፎ ተቀምጧል፤ አንዱ ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ ሌላውን የምትይዘው የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ናት። በዚያው ክፍል፣ ጥግ ባለው አልጋ ላይ የተኙት ደግሞ የሲስተሯ እናት ናቸው። ካንሰሩ አጥንታቸው ድረስ ዘልቋል።

ደንቡ አያወላዳም፤ ከበሩ የወጣ ሞርፊን ተመልሶ ለበሽተኛ አይሰጥም። የት እንደዋለ፣ ማን እንደነካካው፣ ስንት ፀሐይ እንደመታው የሚያውቅ የለም። በመጣበት ዕለት በሁለቱ ቁልፍ ያዦች ፊት ባልዲ ውስጥ ከሳጋቱራ ጋር ተደባልቆ ይወገዳል፤ ሁለቱም ይፈርማሉ። ባለፈው ቁጥጥር አንዲት ፊርማ ጎድላ በመገኘቷ ሆስፒታሉ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። ሌላ ጥፋት ቢታከልበት ፈቃዱ ይነጠቃል፤ ፈቃዱ ከተነጠቀ ደግሞ ለየትኛውም አልጋ ሞርፊን አይመጣም። ይህን ሁሉ አሳምሮ የሚያውቀውን ፋርማሲስት ሠራተኛው «አይሆንም» የሚል ቅጽል ስም አውጥቶለታል። እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈዋል። እርግጥ አይሆንም ማለቱ ብዙ አይከብደውም ነበር፤ ከመስኮቱ ጀርባ ሆኖ እጅና ማዘዣ ያያል እንጂ በሽተኛ አያይም።

ረፋዱን በስልክ ፈጀው። መጋዘኑ «መኪናው ወጥቷል» አለው። ትናንትም ወጥቶ ነበር። በመጨረሻ የጎረቤት ሆስፒታል ፋርማሲስት መድኃኒቱ እንዳለው ሲነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ።

«አለ፤ ግን ሣጥኑን መክፈት አልቻልኩም» አለው ሰውየው። «ሁለተኛው ቁልፍ ቀብር ሄዷል።»

«ቁልፉ ነው ወይስ ሰውየው?»

«ሁለቱም። ድንገት ተጠርቶ ሲሮጥ ሳያስረክበኝ ኪሱ ውስጥ ይዞት ሄደ። የሄደበት ስልክ አይሠራም። ነገ ጠዋት ይመለሳል አሉ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ዛሬ ግን ስልኩን ዘግቶ ግንባሩን በእጁ ደገፈ።

ሲስተሯ ሳታንኳኳ ገባች። በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

«ሴትየዋን ኮሪደር ላይ አገኘኋት» አለች። «አልተከፈተም አይደል?»

«አልተከፈተም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ተጠጋችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እናቴ እኮ ናት፣ ወንድሜ። ሌሎቹን እንዳልረብሽ ብላ ትራሱን ነክሳ ነው ያደረችው። ጠርሙሱን ስጠኝ። ባልዲው ውስጥ ውሃ እናፍስስና እንፈርም። ማን ያየናል?»

ማንም አያያቸውም። ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ሁለት ቁልፍ የተሠራው አንዱ ሲደክም ሌላው እንዲበረታ ነው፤ ዛሬ ግን ሁለቱም ደክመዋል። እጁ ጠርሙሱን ጨብጧል። ወደ እሷ ጥቂት ገፋው። የእሷም እጅ ተዘረጋ። ወዲያው መልሶ ሳበው፤ በሳበበት ቅጽበትም ራሱን ጠላ።

«አልችልም፣ ሲስተር። ዛሬ ለአንቺ ካደረግሁት ነገ ማንን እምቢ እላለሁ? ፈቃዱን ከወሰዱብን የሁሉም እናት ናት የምትጮኸው።»

«የሁሉም እናት!» አለች። «እኔ ያለችኝ አንዲት ናት።»

ረግማው የምትወጣ መስሎት ነበር። እሷ ግን ጓንት አጠለቀችና «ባልዲውን አምጣ» አለችው።

ሳጋቱራና ፈሳሽ ሳሙና ያለበትን ባልዲ በመካከላቸው አስቀመጠ። ክዳኑን ራሷ ጠመዘዘችው። ቀለበቱ ቀጭ ብሎ ተበጠሰ። የሽሮፑ ጣፋጭ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እሷ ስታፈስ እሱ በእንጨት አማሰለ፤ ሳጋቱራው ጠጥቶት እስኪጨርስ ድረስ ሁለቱም ቀና አላሉም። ከዚያ እሱ ፈረመ። እሷ ስትፈርም ብዕሩን በኃይል ከመጫኗ የተነሣ ወረቀቱ ተቀደደ።

«እኔ የሚጠበቅብኝን አድርጌአለሁ» አለችው ጓንቷን እያወለቀች። «አሁን ደግሞ አንተ ተነሥ። ሄደህ ለእሷ ንገራት። በእኔ አፍ አይሆንም።»

ተከትሏት ወጣ። በኮሪደሩ ሁሉ ቃላቱን ሲያሰናዳ ሄደ፤ ደንቡን፣ መኪናውን፣ ነገ ጠዋት ከጎረቤት ሆስፒታል ሊመጣ የሚችለውን። ሁሉም እውነት ነበር። አንዱንም ቢጠይቁት በማስረጃ ያቀርባል።

አሮጊቷ ኩርምት ብለው ተኝተዋል። በአንድ እጃቸው የአልጋውን ብረት አንቀዋል።

«እማዬ፣ የመድኃኒት ቤቱ ሰው ነው» አለች ልጃቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። ብረቱን ለቀው የነጭ ጋውኑን እጅጌ ያዙት።

«መጣ?» አሉት።

ከንፈራቸውን አየ። በጥርሳቸው ገዝግዘው አቁስለውታል። ያሰናዳው ቃል ሁሉ ከአፉ ጠፋ።

«መጥቷል፣ እማማ» አለ። «አሁን እያዘጋጀነው ነው። ትንሽ ብቻ ይታገሡ።»

ሲስተሯ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሮጊቷ ሊናገሩ ሲሉ ሥቃዩ ቀደማቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እጅጌውን አጥብቀው ያዙ። ሲያልፍላቸው ትኩር ብለው አዩት።

«ውሸት አያምርብህም፣ ልጄ» አሉት። እጅጌውን ግን አልለቀቁም። «እስቲ ድገምልኝ።»