የቀኝ ጎን መስኮቶች

ውዳሴ ጥቁሩን ቀሚስ አውልቃ የጤፍ ጆንያው ላይ ወረወረችውና ቢጫ ሹራቧን አጠለቀች። የአጎቷ ዕቃ ቤት መቀርቀሪያ ስለሌለው ሉሲ በሩን ከውስጥ በጀርባዋ ደግፋ ይዛላታለች። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ካርታ የሚጫወቱት ወንዶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይከራከራሉ።

«ፊትሽን ተለቃለቂ» አለች ሉሲ። «ዓይንሽ በእንቅልፍ እጦት ድልህ መስሏል።»

«አባባ ፊት መለየት ካቆሙ ቆዩ። ቀለም ብቻ ነው የሚታያቸው።»

«ድምፅሽስ?»

ውዳሴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንዴት ነው?»

«የለቀስተኛ ነው» አለች ሉሲ። ሁለቱም ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

ከሉሲ ጋር ቀለበት ያሰረው ደግፌ፣ የውዳሴ ታናሽ ወንድም፣ ወሊሶ የተበላሸ የሥጋ ማቀዝቀዣ ሊጠግን ሄዶ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና በጨለማ ተገልብጦ ሞተ። ተቀበረ። ሰልስቱም አለፈ። አባቱ ግን አልሰሙም።

አቶ ተክለማርያም ልባቸውን ታመው ከተኙበት ክሊኒክ ወደ ቤት የተመለሱት በቅርቡ ነበር። ሐኪሙ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ የሚያስደነግጥ ነገር እንዳይሰሙ አስጠንቅቋል። ስለዚህ ዘመድ ተሰብስቦ «መርዶው ይቆይ» አለ። ድንኳኑም ቤቴል ባለው በሟቹ ቤት ሳይሆን አሥራ ስምንት ማዞሪያ፣ በአጎቷ በአቶ ጥሩነህ ግቢ ተተከለ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ በእነ ውዳሴ ሰፈር ሲያልፍ ጥሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በየበሩ በሹክሹክታ ተናገረ። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው አለቀሱ።

ውዳሴ የዚያን ቀን ተሟግታ ነበር። «አባቱ ናቸው እኮ! ልጃቸው ሲቀበር እሳቸው ሬዲዮ ያዳምጡ?»

«እዚያ ፈረንሳይ አገር በስልክ ይናገሩ ይሆናል» አሉ አቶ ጥሩነህ። «እኛ ዘንድ መርዶ ቀን አለው፣ ሽማግሌ አለው። ሰው በመርዶ ይሞታል፣ ልጄ። ሁለት ሬሳ በአንድ ሳምንት እንድሸከም ነው የምትፈልጊው?»

ክርክሩን ተወችው። ከተማረችበት አገር ከተመለሰች ወዲህ ብዙ ጊዜ እንዲህ ትሆናለች፤ ክርክሩ ትክክል መስሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ከአፏ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስላታል።

ውሸቱ ቀላል ነበር። ደግፌ ከሄደበት አልተመለሰም፣ በቃ። ሥራው በዝቶበት ወሊሶ ሰንብቷል።

*

«መጣሽ?» አሉ አባቷ ኮቴዋን ሰምተው። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ካጠገባቸው፣ መድኃኒቱና የውኃ ኮዳው በተደረደሩበት ጠረጴዛ ላይ፣ ተገጣጣሚው የፕላስቲክ መርከብ በጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። ርዝመቱ ከክንድ አይበልጥም። ግራጫ ነው። ምሰሶው ገና አልቆመም፤ ሄሊኮፕተሩም ክፍሎቹ ተያይዘው ከመጡበት የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ፍሬ ተንጠልጥሏል።

«መጣሁ አባባ። ምሳ በሉ?»

«በላሁ። ጎረቤት ሁሉ ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ምግብ በምግብ ላይ ያመጣልኛል። ልሞት ነው እንዴ?»

«ታመው ስለነበር ነው።»

«አልሞትኩማ!» ሳቁ። «ደግፌስ?»

«ሁለተኛው ማቀዝቀዣም ተበላሽቶ ያዙት አሉ። ባለሆቴሉ ጮማ እያበላ አልለቅም ብሎታል።»

የሁለተኛው ማቀዝቀዣም ሆነ የባለሆቴሉ ነገር ከየት እንደመጣላት አታውቅም። አባቷ ግን ራሳቸውን በደስታ ነቀነቁ። «ይወፍራታላ!»

መርከቡን ያመጣችው እሷ ነበረች። የፈረንሳይ ወደብ በሆነችው ብሬስት በምትማርበት ጊዜ የመኝታ ክፍሏ መስኮት ወደቡን ያሳይ ነበር፤ ጠዋት መጋረጃ ስትገልጥ ግራጫዎቹ የጦር መርከቦች ጭጋግ ውስጥ ቆመው ታያቸዋለች። ወደ አገሯ ስትመለስ ለአባቷ ምን እንደምትገዛ ቸግሯት ከአንድ ሱቅ ፍሪጌት የሚባል የጦር መርከብ ተገጣጣሚ የፕላስቲክ አምሳያ ገዛች። ከአዳዲሶቹ የፈረንሳይ መርከቦች አንዱ ነው። አባቷ ምጽዋ በባሕር ኃይል መርከበኛ ሆነው ወጣትነታቸውን አሳልፈዋል፤ ባሕሩ ከሄደ በኋላ ደግሞ ጦር ኃይሎች አካባቢ የመጋዘን ዘበኛ ሆነው እርጅናቸውን። ይደሰታሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን በካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አዩና «ይሄ መርከብ ነው ወይስ ፍሪጅ?» ብለው ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጡት።

ፍሪጅ መጠገን የደግፌ ሥራ ነው። ለዚህ ይሆናል ካርቶኑን የከፈተው። የአባቱ ዓይን እየፈዘዘ፣ ቴሌቪዥንም ድምፅ ብቻ እየሆነባቸው ሲመጣ፣ ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ አንድ አንድ ክፍል በጥፍር መቁረጫ ከዘንጉ ቆርጦ መዳፋቸው ላይ ያኖራል።

«ምንድን ነው ይሄ፣ አድሚራል?»

«መልህቅ መጎተቻ።»

«ይሄስ?»

«እንጃ። የናንተ ዘመን ነገር ነው።»

ደግፌ ባሕር አይቶ አያውቅም። «ምኑ ይታያል?» ይል ነበር። «ባሕር ማለት ላንጋኖ ሲደመር ጨው ነው።» ይህን ሲል ግን ወደ ውዳሴ አያይም። እሷ ስትሄድ አባትየውን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ማን እንደሚቀር የተነጋገረ አልነበረም፤ እሱ ቀረ።

አንድ ምሽት ስትገባ ደግፌ ሻማ አብርቶ የወስፌ ጫፍ እያጋለ የመርከቡን ጎን ሲበሳ ደረሰች። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ለስላሳው ግራ ጎን ከአፍንጫው እስከ ጭራው በቀዳዳ ተደርድሯል።

«ምን ነካህ?» ጮኸች። «ይሄ መርከብ መስኮት የለውም! ሥዕሉን አታይም?»

«የአድሚራሉ ትእዛዝ ነው፣ ማዳም።»

«መስኮት ከሌለው እንዴት ይኖሩበታል?» አሉ አባቷ።

ጎኑ ለምን ለስላሳና ዘንበል ያለ እንደሆነ አስረዳቻቸው፤ ራዳር ላይ ትንሽ ሆኖ እንዲታይ ነው፣ የመርከቡ ጥበብ በሙሉ እዚያ ላይ ነው፣ አንድ ቀዳዳ እንኳ ያበላሸዋል።

«ኮልፌ ውስጥ ራዳር የለም» አለ ደግፌ ወስፌውን እያጋለ።

አባቷ አልሳቁም። «ምጽዋ የመጨረሻው ጊዜ ከታች ሞተር ክፍል ነበርን። መብራቱ ጠፋ። ከላይ ይተኩሳሉ። እኔ አጠገብ እንዲህች የምታህል ክብ መስኮት ነበረች። በእሷ ነው መንጋቱን ያወቅሁት። ከታች ያለ ሰው ቀን መሆኑን በምን ያውቃል?»

ውዳሴ ያን ጊዜ ወደ ክፍሏ ገባች። የገዛችው ዕቃ እንደተበላሸ ነበር የታሰባት።

አሁን ግራ ጎኑ አልቋል። ቀኙ ከአፍንጫው በኩል ጥቂት ተበስቶ ቆሟል፤ ደግፌ ወሊሶ ከመሄዱ በፊት በነበረው ምሽት የቆመበት ቦታ ላይ። አባቷ በአውራ ጣታቸው ቀዳዳዎቹን ዳሰሱና ጣታቸው ለስላሳው ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እስኪመጣ ለምን አንቺ አትቀጥዪለትም?» አሉ።

ሻማውን ለኮሰች። የመጀመሪያው ቀዳዳ ወስፌው ከልክ በላይ ግሎ ሰፋ። ሁለተኛው ተስተካከለ።

*

ከዚያ ወዲህ ቀኗ ለሁለት ተከፈለ። ጠዋት አሥራ ስምንት ማዞሪያ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «እግዜር ያጥናሽ» ትባላለች። ከሰዓት በኋላ ሹራቧን ለብሳ ታክሲ ተሳፍራ ቤቴል ትወርድና ወንድሟ በሕይወት ወዳለበት ቤት ትገባለች።

እዚያ ቤት ደግፌ ይወፍራል። ከባለሆቴሉ ጋር ስለ ኳስ ይጣላል። ጫማው በጭቃ ተበላሽቶ አዲስ ገዝቷል። ውዳሴ በየቀኑ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ አባቷ ይስቃሉ፣ ያማሉ፣ ይመክራሉ። ፍራሹ ላይ እንባ እምቢ ያላት ሴት እዚህ ጨዋታ አዋቂ ሆነች። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ረዳቱ የተናገረውን ቀልድ ሰምታ «ደግፌ ሲመጣ እነግረዋለሁ» ብላ አሰበች። ፌርማታዋ እስኪያልፋት ድረስ የተሳሳተችው ነገር አልታወቃትም።

ቀዳዳዎቹንም ቀስ ብላ ነበር የምትበሳው። ስትጨርስ ምን እንደሚሆን ስላላወቀች።

«አሁንስ ቀርፋፋ ሆንሽ» አሉ አባቷ አንድ ቀን። ከዚያም ሳያስቡት እንደመጣ ነገር፣ «ደውዪለት እስኪ። ድምፁን ልስማው።»

«ኔትወርክ የለም አባባ። ወሊሶ...»

«ወሊሶ ጨረቃ ላይ ነው እንዴ? ደውዪ።»

ደወለች። ስልኩ ከአደጋው በኋላ እንደጠፋ፣ ወይም እንደተዘጋ፣ እርግጠኛ ነበረች። ጠራ። ሦስቴ ሳይጠራ ተነሳ።

ከወዲያ ማንም አልተናገረም። የሚተነፍስ ሰው ብቻ አለ።

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ወሰዱና ጆሯቸው ላይ አጣበቁት። «ደግፌ? ... ደግፌ!»

«እሱ ይሰማዎታል» አለች ውዳሴ። የራሷ ድምፅ ከሩቅ መጣባት። «እርስዎ ነዎት የማይሰሙት። መስመሩ እንዲህ ያደርጋል።»

«እንዲያ ከሆነ ልናገር።» አባቷ ቀና አሉ። «ስማ፣ ባለሆቴሉ ያበላኛል ብለህ በሰው ቤት አትሰንብት። እህትህ ቀኝ ጎኑን እየሠራችልህ ነው። ከአንተ ትሻላለች፤ አንተ እንደ ጥርስህ ነው ያንጋደድካቸው። ... ለሉሲ ደውልላት፣ ሴት ልጅ ዝም ብላ አትጠብቅም። ... ሰማኸኝ? ስትመጣ በማታ መኪና እንዳትሳፈር። ያ መንገድ ማታ አይሆንም። እደርና ሲነጋ ና።»

ከወዲያ ትንፋሹ ተቆረጠ። ስልኩ ተዘጋ።

«ሰምቷል» አሉ አባቷ፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው እየመለሱላት።

*

ሉሲ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጆንያው ላይ ተቀምጣ ነበር። የደግፌ ስልክ፣ ጥጉ የተሰነጠቀው፣ ጭኗ ላይ አለ።

«ለምን አነሳሽው?» አለች ውዳሴ።

«የአንቺ ስም ወጣ። ከእሱ ስልክ ላይ ያንቺን ስም ሳይ...» ሉሲ አንገቷን ደፋች። «ከአደጋው የተረፈ ዕቃው ነው ተብሎ ተሰጠኝ፤ ፎቶዎቹ ስላሉበት ነው ቻርጅ የማደርገው። ሲናገሩ መዝጋት አቃተኝ። ሴቶቹም አጠገቤ ነበሩ፤ ሰምተዋል።»

አቶ ጥሩነህ በሩ ላይ ቆመዋል። የተቆጡ አይመስሉም፤ የፈሩ ይመስላሉ።

«በቃ» አሉ። «ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ አይቷቸዋል፣ ልባቸው ደህና ነው ብሏል። ነገ ማለዳ መርዶው ይነገራል። ቄሱንም ሽማግሌዎቹንም ጠርቻለሁ።»

«ነገ አይሆንም» አለች ውዳሴ።

«ምን?»

«ትንሽ ቀን ይስጡኝ ጋሼ። ቀኝ ጎኑ አላለቀም።»

አቶ ጥሩነህ የሰሙት ነገር ስላልገባቸው ሉሲን አዩ። ከዚያ ወደ ውዳሴ ተመለሱ። «አንቺ አልነበርሽም እንዴ ያን ቀን አባት ይወቅ ብለሽ ያፋጠጥሽኝ?»

«ነበርኩ።»

«ታዲያ አሁን ምን ተገኘ?»

እዚያ ቤት በሕይወት አለ፤ ነገ እናንተ ስትመጡ እዚያም ይሞትብኛል ልትል ነበር። አጎቷ ቀረብ ብለው ትከሻዋን ያዙ።

«ልጄ» አሉ፣ «አንቺ እኮ እስካሁን አላለቀስሽም።»

*

ማለዳ ሊሆን ሲል የግቢው በር ተከፈተ። ሰው ቁርስ ሳይቀምስ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው መርዶ የሚነገረው፤ ውዳሴ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። አባቷ ቤት ነበር ያደረችው። የሌሊት ልብሷን ሳትቀይር አልጋቸው አጠገብ ቆመች። ቀኝ ጎኑ ላይ ወደ ጭራው በኩል ትንሽ ለስላሳ ቦታ ቀርቷል።

ኮቴዎቹ በረንዳው ላይ ደረሱ። ብዙ ናቸው። ማንም አያወራም። አቶ ተክለማርያም ዓይናቸውን ገልጠው ወደ በሩ ዞሩ።

«ነጋ እንዴ?»

«እየነጋ ነው አባባ።»

በሩ ተከፈተ። አቶ ጥሩነህ ቀድመው ገቡ፤ ቄሱ ተከተሉ፤ ከኋላ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። በመጨረሻ ሉሲ። ክፍሉ ጠበበ። «እንዴት አደርክ ወንድምጋሼ» አሉ አቶ ጥሩነህ፤ ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ።

አቶ ተክለማርያም ጆሯቸውን አቀኑ። የሚተነፍሱትን ሰዎች አንድ በአንድ የሚያዳምጡ ይመስላሉ።

«ሉሲ አለች?»

«አለሁ አባባ።»

«ብቻሽን ነሽ?»

ሉሲ በነጠላዋ አፏን አፈነች። አቶ ጥሩነህ «ወንድምጋሼ፣ ልብህን...» ብለው ጀመሩና ያን ሁሉ ሌሊት ያዘጋጁት ቃል ጠፋባቸው። ቄሱ ወደ ፊት ራመድ ሲሉ አቶ ተክለማርያም እጃቸውን አንስተው አስቆሟቸው።

«ውዳሴ፣ ኩታዬን አቀብዪኝ።»

ከራስጌው አንስታ ሰጠቻቸው። ጣቶቻቸው በጠርዙ ላይ እየሄዱ ጥለቱን ፈለጉ፤ አገኙት። በዓል ሲሆን እንደሚያደርጉት ወደ ታች አላደረጉትም። ገልብጠው ወደ አንገታቸው አመጡት፤ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው። እጃቸው አልቸኮለም። በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቆሞ አየ፤ የሚነገር ነገርም አልቀረም።

ከዚያ ፊታቸውን ልጃቸው ወደቆመችበት መለሱ።

«ይህን ሁሉ ቀን ብቻሽን ያዝሽው?»

ውዳሴ አፏን ከፈተች። ከውስጧ የወጣው ቃል አልነበረም።

አቶ ተክለማርያም የኩታውን ግማሽ ከትከሻቸው ገልጠው ክንዳቸውን ወደ ድምፁ ዘረጉ፤ እስክትገባበት ድረስም እንደዘረጉ ጠበቁ።