የዋንዛዋ ዶሮ

የሚስቱ እህት «ምስጡ» የሚል ስም ያወጣችለት በከንቱ አይደለም። የዕለት እንጀራው መነጽር መጠገን ይሁን እንጂ ነፍሱ ያለችው አሮጌ እንጨት ላይ ነው። እንግድነት ተጠርቶ ሲሄድ የባለቤቶቹን ደህንነት ጠይቆ ሳይጨርስ ጎንበስ ብሎ የወንበራቸውን እግር ይዳስሳል። የሳሎኑ መደርደሪያ በተቀረጹ ዕቃዎች ጢም ብሏል፤ እጀታው የወፍ ራስ የሆነ ምርኩዝ፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ ልጅ ያዘለች ሴት፣ አንድ ጆሮ ብቻ የቀረው በሬ። ሚስቱ አቧራ ልትጠርግ እርጥብ ጨርቅ ካነሳች ቤቱ በጩኸት ይናጋል። በደረቅ ብሩሽ ነው እንጂ!

ደግሞ ያውቅበታል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ሻጭ «የአያቴ ነው» ብሎ ቢምልለት ዝም ብሎ ይሰማና ዕቃውን ገልብጦ ሆዱን ያያል። አጭበርባሪ ፊቱን በጭስና በቀለም ያስረጀዋል፣ ሥሩን ግን ይረሳዋል። በእውነት ያረጀ ዕቃ የሰው እጅ የሚያርፍበት ቦታ ልስልስ ይላል፤ ጣት የማይደርስበት ስርጉድ ውስጥ ግን የቢላዋው ፋና እንዳለ ነው።

ከሁሉም አብልጦ የሚሳሳላት ታዲያ ገበያ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት አንዲት የዋንዛ ዶሮ ነበረች። መጠኗ የእውነተኛ ዶሮ ያህላል፤ ቀኝ ክንፏ ከግራው ይተልቃል፣ ዓይኖቿም ወደ አንድ አቅጣጫ አያዩም። የሚስቱ አባት የአውቶቡስ ሹፌር ሳሉ ተሳፋሪ እስኪሞላ ድረስ በሰንጢ የቀረጿት ናት። በዕድሜያቸው ሌላ ነገር ቀርጸው አያውቁም። አምና ሲሞቱ አማቱ የባላቸውን ልብስና ጫማ አንዲት ዘለላ እንባ ሳይወጣቸው ለዚህም ለዚያም አከፋፈሉ። ዶሮዋን ግን «አንተ ታውቅበታለህ» ብለው ለእሱ ሰጡት። ስንት ዓመት «እንጨት ለቃሚው» ሲሉት ኖረው እንዲህ ማለታቸውን እንደ ሹመት ቆጠረው።

እንግዲህ አንድ ቀን መደርደሪያውን ሲያጸዳ ከዶሮዋ ሥር ዱቄት የመሰለ ብናኝ አየ። ነቀዝ! በማጉያ መነጽሩ ቢያይ ጭራዋ ሥር በመርፌ የተወጉ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ፤ ጠርዛቸውም ነጭ ነው። ነጭ ከሆነ አዲስ ነው ማለት ነው። መድኃኒት እንዳይረጭባት መልኳ ይበላሻል ብሎ ፈራ። እንጨት ሰብሳቢዎች የሚያውቁት አንድ ዘዴ ግን አለ፤ ዕቃውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ አየር እንዳይገባው በላስቲክ አሽጎ ፍሪዘር ውስጥ ማክረም። ብርዱ ነቀዙን ከነዕንቁላሉ ይፈጀዋል። እሱም እንዲሁ አደረገና ከሥጋው ሥር ወሸቃት። ለሚስቱ ትንፍሽ አላለም፤ ለእሷ መንገር ለእናቷ መንገር ነው። ፍሪዘር ውስጥ የተጠቀለለ ዶሮ ያገኘ ሰው ምን ብሎ እንደሚያስብ ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ያለው ሰው አልታየውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻውን ሳለ አማቱ ከች አሉ። ከተቀመጡ በኋላ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ይንከራተት ጀመር።

«ልጄ፣ ዶሮዋን ትመልስልኝ እንደሆን ልለምንህ ነው የመጣሁት» አሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጠቀለሉ። «ሰጥቶ መልሶ መጠየቅ ነውር መሆኑን አላጣሁትም። ግን የእሱ እጅ የሠራው ሌላ ነገር ቤቴ ውስጥ የለም።»

መዋሸት አልሆነለትምና ነቀዙንም ፍሪዘሩንም አንድ በአንድ ተናዘዘ።

«ዶሮዬን በረዶ ውስጥ ከተትካት?»

«ለደህንነቷ ነው እማማ። አሁን አወጣልዎታለሁ።»

ፍሪዘሩን ከፈተ። ሥጋውን አነሳ። ዶሮዋ የለችም። ሌላውንም ሁሉ ዘርግፎ አየ፤ የለችም። ሥራ ቦታ ላለችው ሚስቱ ደወለ።

«ከሥጋው ሥር የነበረችውን ነው?» አለች። «እህቴ እንግዳ መጣብኝ ብላ ጠዋት ስትመጣ ሰጠኋት። ምነው፣ ልትበላት ነበር?»

ጉድ ፈላ። የሚስቱ እህት ስልክ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም። ቤቷ ሩቅ ስላልሆነ ሁለቱም በእግር ተነሱ። መንገድ ላይ የአማቱ ትከሻ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ወፍጮ ቤቱን ሲያልፉ ጭራሽ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። «ቀቀለቻት! ቀቀለቻት እኮ!» ይላሉ። አላፊ አግዳሚው ይቺን ምስኪን ሴት ምን አድርጓት ነው በሚል ዓይን እሱን ይገላምጠዋል። እሱም ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

በሩ ክፍት ስለነበር ዘው ብለው ገቡ። ማድ ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል፣ ድስቱ ይንተከተካል። የሚስቱ እህት መቀስ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ጥቅልል ጎንበስ ብላለች።

«እንዳትከፍቺው!» ብሎ ጮኸ።

«ውይ! አንተ ምስጥ፣ ልቤን አጠፋኸው!» አለች ደረቷን ይዛ። «ለመሆኑ ምን ዓይነት ዶሮ ነው የምትገዙት? ይኸው ከፍሪዘሬ ካወጣኋት ሰዓት አልፏል፣ አሁንም እንደ ድንጋይ ደርቃለች። ውሃው ፈልቶ ፈልቶ ሊያልቅ ነው።»

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። እዚያው ወለሉ ላይ ዘፍ አለና ሳቁ መጣበት፤ ሳቁን ማቆም አቃተው። የሚስቱ እህት ነገሩን ስትሰማ እሷም መቀሷን ጥላ ከት ከት አለች። እንግዳዋ እንቁላል እንድትበላ ተወሰነ።

አማቱ ላስቲኩን ወዲያው ሊቀድዱት ነበር። ቅዝቃዜው ሳይለቃት ከተከፈተች እንጨቱ ያልበዋል፣ እርጥበትም ይገባዋል ብሎ ለመናቸው። እሺ አሉ። ጥቅልሉን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ነጠላቸውን ደርበውበት፣ ማንንም አላስነካ ብለው ቁጭ አሉ። እንግዳዋ መጥታ፣ በልታ፣ ተጫውታ ሄደች፤ እሳቸው ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ላስቲኩ የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ በገዛ እጃቸው ፈቱት።

ዶሮዋ ደረቅ ናት። ስንጥቅ የላትም። እሱ መስኮቱ ጋ ወስዶ ከኪሱ ባወጣው ማጉያ አገላብጦ መረመራት፤ ጨርቁ ላይ አዲስ ብናኝ አልነበረም።

«ለጊዜው ድናለች እማማ። እያየን እንከታተላታለን» አለና አቀበላቸው።

አማቱ ተቀብለው ትልቁን ክንፏን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ሲሞት አላለቀስኩለትም» አሉ። «ሰው ሁሉ አይቶኛል። እኔም ልቤ ደንድኗል ማለት ነው ብዬ ራሴን ጠልቼ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ እንባ ከየት መጣ? አሁንማ ቀለለኝ ልጄ።»

የሚስቱ እህት እናቷን አቀፈቻቸው። እሱም ዶሮዋን አጥቶ እንኳ ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ ከፍቶትም ነበር፣ ደስታው ግን ይበልጥ ነበር። አማቱን ቤታቸው ሲሸኝ መንገዱን ሙሉ ሲመክራቸው ሄደ። ውሃ አይንካት፣ ምድጃ አጠገብ አትቀመጥ፣ ከሥሯ ነጭ ወረቀት ይደረግላት፣ ብናኝ ከታየ ይደወልለት። እሳቸውም «እሺ፣ እሺ» ይላሉ።

በራቸው ላይ ሲደርሱ «ለመሆኑ የት ሊያስቀምጧት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አልጋው አጠገብ፣ እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል።»



«ፀሐይ ያገኘዋል?»

«አያገኘውም» አሉ።

«እንግዲያው ጥሩ ቦታ ነው።»