ከቆቡ በኋላ የመጣ ውጤት

አባቴ በብብታቸው ሥር የወጣው ንፍፊት ካንሰር ሳይሆን አይቀርም በተባለ ሰሞን መነኮሱ። ሐኪሙ እባጩን ቆርጦ ለምርመራ ሲልከው፣ "ውጤቱን ጠብቁ" ብሎ ነበር። አልጠበቁም። በእኛ አገር ሞቱ ደጅ ደረሰ የተባለ ሽማግሌ ቆብ ይጭናል፤ እናቴም ለሚሞት ሰው ምን እከለክላለሁ ብላ ፈቀደችላቸው። እኔ ያኔ ለትምህርት ከሄድሁበት ከፖላንድ ገና አልመጣሁም ነበር።

ውጤቱን ከሐኪሙ አፍ የሰማሁት እኔ ነኝ። ካስልማን የሚሉት ብርቅ ሕመም ነው፤ ንፍፊትን አሳብጦ ካንሰር ይመስላል እንጂ ካንሰር አይደለም። እንደ አባቴ አንድ ቦታ ብቻ ወጥቶ ከተቆረጠ አበቃ።

ከእናቴ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ገባን። አባቴ ከጎጆዋቸው ደጅ፣ እናቴ ለመሞቻቸው ብላ ያመጣችላቸውን ወፍራም የሱፍ ዝተት ተከናንበው ዳዊት ይደግማሉ።

"ድነዋል" አልኋቸው። "ካንሰር አይደለም።"

"ተመስገን" አሉና ዳዊቱን ዘጉ።

"እንግዲህ ተነሣ፣ ዳኜ" አለች እናቴ። "ገብሱ ደርሷል።"

"ዳኜ ሞቷል፤ ቆቡን ስጭን ፍትሐትም ተደርጎለታል። አባ አትናቴዎስ በይኝ።"

"አልሞተም እያለህ እኮ ነው ልጅህ!"

"ቆብ የጫንሁት ለእባጩ ብዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ብለህ ነው? ከእኔ ለማምለጥ?"

ጣልቃ ገባሁ። "አባባ፣ በስሕተት የተገባ ቃል ምኑ ቃል ነው? ያስመነኮሰዎት ፍርሃት እኮ ነው።"

"በሰው አገር የተማርኸው ቃል ማፍረስ ነው?"

"ልጁን ተወው!" አለች። "ሞትን ፈርተህ ገባህ፤ አሁን ደግሞ ሰው ፈርተህ ልትቀር ነው።"

"ወጥቼስ ምን ልባል? ቆቡን የጣለ? ከዚያስ ካንሰሩ ይሻለኝ ነበር።"

እናቴ አልጮኸችም። ዝተቱን ከትከሻቸው ላይ ገፈፈችው።

"ይኼን ያመጣሁት ለሚሞት ሰው ነው። ለጤነኛ መነኩሴ አጎዛ ይበቃዋል።"

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ለዝተቱ ይሁን ለእሷ እስካሁን አላውቅም። ተመልሰው ይመጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ እጃቸውን ሰብስበው ዳዊቱን ገለጡ።

ከቅጥሩ ስንወጣ ብርዱ ፊት ይጋረፋል። ዝተቱን ልያዝልሽ ብላት ነጠቀችኝ።

"አንተ ደግሞ መቼ ነው ወደ ፖላንድህ የምትሄደው?"

"በዚህ ሳምንት።"

"ማጭድ መያዝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ትለምዳለህ" አለች ወደ ገብሱ እያየች። "አለዚያ አንተም ቆብ ጫን።"