አየሁሽ ያልተናዘዘችው

ጣሊያን መተማን ከያዘ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። አየሁሽ በአርማጭሆ ቆላ ከአርበኞቹ ጋር ምንሽሯን አንግታ ትዋጋለች፤ አገኘሽ ስንቅና ጥይት ታቀብላለች። በአንድ ጎጆ ነው የሚያድሩት። ሰው እህትማማቾች ይላቸዋል፤ እነሱ ግን ምን እንደሆኑ ያውቃሉ።

መስከረም ላይ አገኘሽን ንዳድ ጣላት። መድኃኒት የለ፣ ሐኪም የለ። አየሁሽ ከጣሊያን አሰሳ አዝላት ስትሸሽ፣ «እመቤቴ ማርያም፣ ይችን ሴት ማሪልኝ! ጣሊያን ከመተማ ሲወጣ ለደጅሽ ጥላ አገባለሁ» ብላ ተሳለች። በአራተኛው ቀን አገኘሽ ዓይኗን ገልጣ አጥሚት ጠየቀች።

ሁዳዴ ሲገባ አየሁሽ ከነፍስ አባቷ ከአባ ገብረማርያም ፊት ተንበረከከች። የገደለችውንም የተራገመችውንም ተናዘዘች።

«ሌላስ?» አሏት።

«አገኘሽን እወዳታለሁ፤ ሴት ባሏን እንደምትወድ። ይኸን ግን እንዲያውቁት ነው እንጂ ከኃጢአቴ አልቆጠርሁትም።»

አባ ደነገጡ። «ተለያዩ። ያለዚያ አልፈታሽም።»

«አባቴ፣ ስሟን ጠርቼ ማርያምን ለመንኋት፤ ሰጠችኝ። እሷ የሰጠችኝን እኔ እንዴት ልመልስ?»

አባ ግን አልፈቷትም።

አየሁሽ አላለቀሰችም። ሁዳዴን አንድ ቀን ሳታጎድል ጾመች። ሲቀደስ ከቅጥሩ ውጭ ቆማ አስቀደሰች፤ አገኘሽም አብራት ቆመች።

«እዚህም ይሰማል» ትላታለች አገኘሽ።

«ጥርት ብሎ!»

ጣሊያን ከመተማ በተባረረበት ዓመት፣ በግንቦት ልደታ፣ አየሁሽ ከነጋዴው ከሐሚድ የገዛችውን ባለ ዘርፍ ጥላ ይዛ ከሕዝቡ መሀል ወጣች። ስለቱን ለሕዝብ የሚናገሩት አባ ገብረማርያም ነበሩ።

«ስለ ማን ልበል?» አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ስለ አገኘሽ። የቤቴ ሰው ብለው ይጥሩልኝ።»

አባ ጥላውን ተቀብለው ዘረጉት። ሕዝቡ ይጠብቃል። በመጨረሻ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «አየሁሽ ስለ ቤቷ ሰው፣ ስለ አገኘሽ የተሳለችው ነው። እመቤታችን ሰምታታለች!» አሉ።

ሴቶቹ እልል አሉ። ፊቱን ያዞረም ነበር፤ አየሁሽ አይታዋለች፤ አንገቷን ግን አልደፋችም። አገኘሽ እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

በዚያ ክረምት ሁለቱ ከአብርሃ ጅራ በታች ጫካ መንጥረው ሰሊጥ ዘሩ። መንገደኛ «የማን እርሻ ነው?» ሲል ጎረቤት «የእነ አየሁሽ» ይላል። አየሁሽ ከሰማች ቀና ብላ ታርመዋለች፦

«የአየሁሽና የአገኘሽ በል እንጂ!»