የድንቹ አባት ስም

ጋዲሴ በ2005 ዓ.ም. ከአምቦ ወደ ጎጆ ከተማ የወጣችው የዘር ድንች አምራቾች ማኅበር ድረ ገጽ እንዲኖረው ለማሳመን ነበር። ለሰው የምትናገረው ይህንን ነው፤ የልቧ ግን ሌላ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ቦጂያ አባቷ ናቸው። ነርስ ትሆንልኛለች ብለው ያስተማሯት ልጅ ኮምፒውተር አጥንታ አምቦ ላይ ኢንተርኔት ቤት ከከፈተች ወዲህ፣ ደጇን ረግጠው አያውቁም። ልጅዎ ምን ትሠራለች ሲባሉ «አምቦ ናት» ብለው ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞሩታል። እሷም አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በሥራዋ ሲኮሩ ማየት ነበር የምትመኘው።

ስብሰባው መጋዘኑ ውስጥ ሆነ። የጎጆ ብርድ መቼም አይጣል ነው፤ አባላቱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በዘር ድንቹ መደርደሪያዎች መካከል ተኮልኩለዋል። የጊንጪም ሆነ የጌዶ ገበሬ እነሱ ያላቸውን የዘር ዓይነት በስልኩ ማየት እንደሚችል ስትነግራቸው ደስ አላቸው። «ጎጆ ድንች ዶት ኮም» የሚለውን አድራሻም ወደዱት። ነገር የተበላሸው «ኮም» ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ ነው። ስለ ዶሜይንና ከነጥቡ በኋላ ስለሚመጣው ቅጥያ ብታወራ ማን ሊሰማት! ስለዚህ አቀለለችው፤ እንደ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ የአባት ስም አለቻቸው።

ምነው አፏን በቆረጠው። ኦቦ ኤጄታ የሚባሉ፣ ለክርክር የተፈጠሩ ሽማግሌ ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን ድንች አርሰን ኮትኩተን ያሳደግነው እኛ ነን። ኮም የሚባል ሰው በዚህ አገር አላውቅም። የኛን ልጅ በማናውቀው ሰው ስም አናስጠራም።»

መጋዘኑ በአንድ አፍ እውነት ነው አለ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወርቅቱ ደግሞ ይባስ ብላ፣ ሰውየው ነገ መጥቶ ልጄን መልሱልኝ ቢልስ ስትል ጠየቀች። ጋዲሴ ግራ ቢገባት፣ ታላላቅ ኩባንያዎች በኮም ፈንታ የገዛ ስማቸውን ቅጥያ ለማድረግ አመልክተው ተራ እየጠበቁ እንደሆነ ነገረቻቸው። እንዲህ ከሆነማ እኛም «ዶት ጎጆ» እንባል ብለው ሊያጨበጭቡ ሲሉ፣ የማመልከቻውን ዋጋ ሰሙና እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው መለሱ።

አባቷን አየቻቸው። መሬት መሬቱን ያያሉ። ተዪው፣ ይቅርብሽ ሊሉኝ ነው አለች በልቧ። ያኔ ነው አገሩ የራሱ ቅጥያ እንዳለው ትዝ ያላት፤ ከድንጋጤዋ የተነሣ እስካሁን ረስታው ነበር።

«ኮምም እኮ አባት አለው» አለች። «ሙሉ ስሙ ጎጆ ድንች ዶት ኮም ዶት ኢቲ ይሆናል። ኢቲ ማለት ኢትዮጵያ ናት።»

ኦቦ ኤጄታ በጣታቸው ቆጠሩ፤ ስም፣ አባት፣ አያት። ሞላ። ኮም የአገር ልጅ ከሆነ ምነው ከመጀመሪያው አልነገርሽንም ብለው ወቅሰዋት ተቀመጡ። ሳቁ መጋዘኑን ሞላው፤ ጉዳዩም በሙሉ ድምፅ አለፈ። ኦቦ ቦጂያም መሬት መሬቱን እያዩ እጃቸውን አወጡ።

ስሙን ለማስመዝገብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ተይዞ አዲስ አበባ ተኬደ፣ ተመለሱም ተባለ፣ እንደገና ተኬደ፣ በመጨረሻ ተፈቀደ። ገጹ የተከፈተ ዕለት አባላቱ በአይሱዙ ተጭነው አምቦ ወረዱና የጋዲሴን ጠባብ ቤት አጨናነቋት። ኦቦ ቦጂያም ከኋላ ገቡ። ሌሎቹ የየራሳቸውን ማሳ በፎቶ እያዩ ሲሳሳቁ፣ እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከግርጌው «ያዘጋጀችው ጋዲሴ» ይላል፤ ሌላ የለም። የአባቷን ስም ያልጻፈችው ያፍሩብኛል ብላ ነው።

«ድንቹ አባትም አያትም አለው» አሉ ኦቦ ቦጂያ፣ ዘወር ሳይሉ። «ይህን የሠራችው ልጅ ግን አባት የላትም እንዴ?»

 ጋዲሴ ወንበሯን ስባ «ቦጂያ» ብላ ጨመረች። አባቷ አጎንብሰው ፊደሉን አንድ በአንድ ተከታተሉ።

«የአባቴንም ጻፊ» አሉ ቀስ ብለው። «ጃርሶ በይ።»

እንባዋ ፊደሎቹን ቢጋርድባትም ጻፈችው።