ዲ ላይ አለ

ኮምፒውተሩ «ጠቅ... ጠቅ...» ሲል ጠጋኙ ነገሪ ጆሮውን አስጠጋ። ሮማነወርቅ ከኋላው ቆማ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ሃርድ ዲስኩ ነው፣ እትዬ ሮማን። ሊሞት ነው። ሌላ ቦታ ገልብጠዋል?»

«እንዴታ። ድራይቭ ሲ ቢበላሽ ድራይቭ ዲ አለ ብዬ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉንም ሁለት ሁለት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት።»

ነገሪ እንዴት እንደሚነግራት ጨነቀው። «ሲም ዲም እኮ አንድ ዲስክ ናቸው። አንድ ክፍል በኮምፔርሳቶ ለሁለት ተከፍሎ ማለት ነው። ቤቱ ከተቃጠለ...»

«የድሮው ጠጋኝ ነው፣ ዲ ላይ አድርጊ አይነካም ያለኝ።»

«ፎርማት ሲደረግ፣ ሲ ብቻ ሲጠረግ ማለት ነው፣ አይነካም። ዲስኩ ሲሞት ግን አብሮ ይሞታል።»

ሮማነወርቅ አዳማ ውስጥ ሠርግ ትቀርጻለች፤ ቤቷ ተቀምጣም ታቀናብራለች። ከሰዓት ዘርፉ ትመጣለች። የዛሬ ሁለት ዓመት ሠርጓን የቀረጸችላት ልጅ ናት፤ አባቷ ባለፈው ወር አረፉ፣ አርባቸው ቅዳሜ ነው። የፈለገችው አባቷ ሲመርቋት የተቀረጸውን ነው። የተሰጣት ቪዲዮ ላይ ደግሞ ምርቃቱ የለም። «ሃያ ደቂቃ ምርቃት ማን ቁጭ ብሎ ያያል» ብላ ቆርጣ ያወጣችው ራሷ ሮማነወርቅ ናት። ያልተቆረጠው ያለው ይኸው ዲስክ ላይ ብቻ ነው።

ነገሪ አዲስ ዲስክ ሰካ። «መሃል ላይ ሊቆምብን ይችላል። የቱ ይቅደም?»

እስክሪኑ ላይ «ሊዲ» የሚል ፎልደር አለ። ሊዲ ልጇ ናት፤ ከተወለደችበት ቀን ጀምሮ ያለው ሁሉ እዚያ ነው። ሮማነወርቅ እሱን ልታሳየው እጇን ዘረጋች፣ ሰበሰበችው። በሩ ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

«የዘርፉን አስቀድም» አለች። «ቶሎ በል፣ ሐሳቤን ሳልቀይር።»

የዘርፉ ሙሉ በሙሉ ወጣ። የሊዲ ግን ገና ግማሹ ላይ ሲደርስ አሮጌው ዲስክ ጸጥ አለ። ዳዴ ስትል፣ መጀመሪያ ስትራመድ፣ ሶደሬ ውሃ ፈርታ ስታለቅስ የተቀረጸችው ሁሉ ቀረ። ሮማነወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አነባች። ነገሪ የፈታቸውን ብሎኖች ለቃቀመ።

«ሁለተኛ ዲስክ ይግዙ፣ እትዬ። አንዱ ከዚህ ቤት ውጭ ይቀመጥ።»

«አሁንማ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለችው፤ ቢሆንም አብራው ወጥታ ገዛች፤ የተረፈውንም ገለበጡበት።

ከሰዓት ዘርፉ መጣች። ሟቹ በእስክሪኑ ላይ እጃቸውን ዘርግተው «ውለዱ፣ ክበዱ። ሆራ ቡላ» እያሉ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲመርቁ፣ አፏን በእጇ ይዛ እስከ መጨረሻው አየች። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው አስጀመረችው።

«ምን ላድርግልዎት፣ እትዬ ሮማን?» አለች ምርቃቱ የተገለበጠበትን ፍላሽ ቦርሳዋ ውስጥ እየከተተች።

ሮማነወርቅ ሁለተኛውን ዲስክ ከመሳቢያ አወጣች። አንዴ መልሳ አስቀመጠችው፤ ደግሞ አነሳችው።

«ከልጄ የተረፈው ነው። አንዱ እዚህ አለ፣ ይኼኛውን አንቺ ቤት አስቀምጪልኝ።»

«እኔ? እኔ እኮ ኮምፒውተር እንኳ የለኝም።»

«እሱ ነው ጥሩው፣ ማንም አይነካውም። ቁም ሣጥንሽ ውስጥ፣ ከአባትሽ ምርቃት ጋር አድርጊው። አደራ።»

ዘርፉ ዲስኩን በሁለት እጇ ተቀበለች።