የሰላዩ ጀርባ

ሰላዩ በአሥራ ስምንት ፊልሞች ከባቡር ላይ ተወርውሯል፣ ከአራተኛ ፎቅ ዘሏል፣ ሁለት ጊዜም እሳት ተያይዞበታል። አንድም ቀን ግን ሱሪው ተጨማዶ አያውቅም። ለዚህ የሚመሰገን ሰው ካለ ልብስ ሰፊዋ ናት። ለእያንዳንዱ ፊልም አንድ ዓይነት አሥራ ሁለት ሙሉ ልብስ ትሰፋለች። ስድስቱን መልከ መልካሙ ተዋናይ ለብሶ ይንጎራደድባቸዋል፤ ስድስቱን የእሷ ባል ለብሶ ይወድቅባቸዋል።

ባሏን በስቱዲዮው ሰው ሁሉ "ጀርባው" ይለዋል። ስድብ አይደለም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ በፊልሙ የታየው ጀርባው ብቻ ስለሆነ ነው። ተዋናዩ ፈገግ ብሎ በሩን ይከፍታል፣ ከደረጃው የሚንከባለለው ጀርባው ነው፣ ከዚያ ተዋናዩ አቧራውን አራግፎ ይነሳል። የሙያው ሕግ አንድ ነው፤ ካሜራው የትም ይሁን የት፣ ስትወድቅ ፊትህን ወደ ሌላ አዙር። ጀርባው ይህን ሕግ ከደሙ ጋር ስላዋሃደው በሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ የሚታየው ማጅራቱ ነው።

እናቱ አንድም ፊልም አምልጧቸው አያውቅም። "የታለህ?" ይሉታል፤ ያሳያቸዋል። "እሱንማ አወቅሁት፣ ያንን ጀርባ ስንት ዓመት አጥቤዋለሁ" ይሉና ፊቱን መጠበቅ ይጀምራሉ። መብራት እስኪበራ ይጠብቃሉ።

ልብስ ሰፊዋ የምትጠብቀው ሌላ ነው። ባሏ ከወደቀ በኋላ ዓይኑ እሷን ይፈልጋል። ፊቱ ወደ እሷ ሲዞር ፈገግታው ቀድሞ ደርሶ ነው።

"አመመህ?" ትለዋለች።

"ምን ያመኛል፣ ስፖንጅ ላይ እንደ መተኛት ነው።"

እውነቱን ለመናገር ስፖንጁም የለም ማለት ይቻላል። ኮቱ ውስጥ የምትሰፋለትን "በዛብኝ፣ ጎተራ አስመሰለኝ" እያለ በየፊልሙ ያስቀንሳታል። እሷም አምናው ስትቀንስ ኖራለች።

ዘንድሮ ግን አዲስ ዳይሬክተር መጣች። እርሳስ ፀጉሯ ውስጥ ሰክታ የምትዞር፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ልጅ ናት። የድሮዎቹን ፊልሞች አንድ በአንድ አይታ ስትጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "ይህ ሰውዬ እንዴት አንዴም አልደማም?" መልሱንም ራሷ ሰጠች። "ሌላ ሰው ሲደማለት ነው የኖረው።" አዲሱ ፊልም የዚያ የሌላው ሰው ታሪክ ይሆናል። የስለላ መሥሪያ ቤቱ ሰላዩን ለማሞገስ ሲፈልግ ወደ ሞት የሚልከው፣ ስሙ የትም ያልተጻፈ ሰው። ቀልድ የለ፣ የሚያብረቀርቅ መኪና የለ። ለዚያ ሰውም የመረጠችው ጀርባውን ነው።

የፕሮዲውሰሮቹ ፊት ጠቆረ። ብዙ ተከራክረው የአንድ ቀን ሙከራ ፈቀዱላት። ከደረጃው ይውደቅ፣ ፊቱ ይታይ፤ አለዚያ ስሙ የታወቀ ተዋናይ ይመጣል አሉ።

ለሙከራው ቀን አናጢው ቶሎ የሚሰበሩ ሦስት የደረጃ መደገፊያዎች ሠራ። ጀርባው የመጀመሪያውን ሰብሮ ወረደ። አወዳደቁ እጅ በአፍ ያስጭናል፤ ደረጃው ሥር ሲደርስ ግን ለካሜራው ያቀረበው ያንኑ ማጅራቱን ነው።

"ጋሼ፣ ፊትዎ" አለች ዳይሬክተሯ።

"ይቅርታ ልጄ፣ አመለጠኝ።"

ለጀርባው ሳይነገር ካሜራው ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ። ጀርባው ሁለተኛውን መደገፊያ ሰብሮ ሲወርድ፣ እየተንከባለለ ካሜራውን አገኘውና ፊቱን በተቃራኒው አዞረ። ካሜራማኑ ሳቁን ዋጠ። ፕሮዲውሰሮቹ ሰዓታቸውን አዩ።

ልብስ ሰፊዋ የኮቱን የተቀደደ ክርን ልትሰፋለት አጠገቡ ተቀመጠች።

"ተይው አንቺ፣ ሌላ ሰው ያምጡ" አላት። "እናቴም ብትሆን ጀርባዬን ለምዳዋለች።" ሊያስቃት ብሎ ነበር የተናገረው፤ ድምፁ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ፊቱ እንዲታይለት ምን ያህል እንደሚፈልግ ያኔ ገባት። ይህ ሰው በሃያ ዓመት ውስጥ ለራሱ የፈለገው ነገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ወደ ዳይሬክተሯ ሄደች። "ካሜራውን መሸሽ አይተውም፣ አትድከሚ" አለቻት በሹክሹክታ። "ይሽሸው። ብቻ ወደ እኛ ይሽሽ።"

ዳይሬክተሯ እርሳሷን ከፀጉሯ መዝዛ ሳቀች።

ከዕቃ ግምጃ ቤት የተበላሸ አሮጌ ካሜራ ወጥቶ በቀኝ በኩል ቆመ። ካሜራማኑ ዓይኑን በጨው አጥቦ ከኋላው ቆሞ ቁልፍ ይነካካል። እውነተኛው ካሜራ ግን በግራ፣ ገርበብ ካለው የልብስ ክፍል በር ኋላ፣ በተሰቀሉት ኮቶች መካከል ነው። ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ካለችው ትንሽ ስክሪን ፊት ቆመች።

ጀርባው ወደቀ። የመጨረሻው መደገፊያ ተሰባበረ፣ አሥራ ሁለቱን ደረጃ ወረደ፣ የተበላሸውን ካሜራ አየና እንደ ልማዱ ፊቱን አዞረበት።

ልብስ ሰፊዋ በስክሪኑ ላይ የማታውቀውን ሰው አየች። ጥርሱን ነክሷል፣ ከንፈሩ ነጥቷል፣ ዓይኑ ውሃ ሞልቷል። የአንድ ትንፋሽ ያህል እንደዚያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ዓይኑ በኮቶቹ መካከል እሷን አገኘ፤ ሥቃዩ ሁሉ ከፊቱ ተጠርጎ ሄደና ያ ሃያ ዓመት ያመነችው ፈገግታ በቦታው ገባ።

"በቃ" አለች ዳይሬክተሯ። ከፕሮዲውሰሮቹ ትልቁ መነጽሩን አወለቀና "ሰውየው ይኸው" አለ።

ጀርባው ሽንፈቱን ታቅፎ ተነሳ። "አዞርኩት አይደል? በቃ፣ እኔ አልረባም።"

"አዙረሃል" አለች ሚስቱ። "ወደ እኔ። አመመህ?"

"ምን ያመ..." ብሎ ጀምሮ ስክሪኑ ላይ ቆሞ የቀረውን የራሱን ፊት አየ። "ትንሽ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከባቡሩ።"

ባቡሩ ሁለተኛው ፊልም ነው። ልብስ ሰፊዋ ልትቆጣውም ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም በየተራ አደረገች። ከዚያ እጁን ይዛ ወደ ልብስ ክፍሉ አስገባችው፣ ኮቱን አስወለቀችው፣ ሁለት ጣት የሚወፍር ስፖንጅ ቆርጣ ገበሩ ውስጥ መስፋት ጀመረች።

"ጎተራ ልታስመስይኝ ነው" አላት።

"ምሰል። ጨለም ያለ ፊልም ነው ተብሏል፣ ማን ያይሃል።"

"እማዬስ? ያንን ፊቴን ስታይ ታለቅሳለች እኮ።"

"ያልቅሱ። እኔ ብቻዬን አላለቅስም።"

ጀርባው ከት ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ጎኑን ያዘ፤ ከእሷ አልደበቀውም።